ጨው ያልነካው የሐቦባ ሩዝ

የሰሚራን ቅልጥም በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩና ለቀቅኩት። ጉድጓዱ አልሞላም። ጣት የገባበት ሊጥ ይመስል እንደጎደጎደ ቀረ።

እስከዚያች ደቂቃ ራሴን ሳታልል ነበር። ዓይኗ አብጦ ስትነሳ ትንኝ ነክሷት ነው አልኩ። ጫማዋ አልገባ ሲላት፣ ልጅ አይደለች፣ እግሯ አድጎ ነው አልኩ። ጎረቤቶቼም "ወፈረችልሽ፣ ማሻ አላህ" ሲሉኝ ደስ ብሎኝ አሚን እል ነበር። ያንን ጉድጓድ ግን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አባቴ እግር ላይ አይቼዋለሁ።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"ምንም። ልብስሽን ልበሽ።"

ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ለመታዘል ዕድሜዋ አልፏል። አዘልኳት። ባጃጅ እስካገኝ ድረስ ሮጥኩ፣ ነጠላዬ የት እንደወደቀ እንኳ አላውቅም።

ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ እኔ ብወልዳት የምትሆን። ሽንቷን አስመረመረች፣ ደሟን አስወሰደች፣ ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቀስ አድርጋ ነገረችኝ። "እናት፣ ኩላሊቷ ነው። በሽንቷ መውጣት የሌለበት ነገር እየወጣ ነው። መድኃኒት አለው፤ ዛሬውኑ እንጀምራለን። ጨው ግን የለም።"

"ትንሽ እንኳ?"

"ትንሽ እንኳ። ደግሞ መብላት አለባት። ይህ መድኃኒት በባዶ ሆድ አይሆንም።"

መብላቱ ላይ ነው እኛ የወደቅነው። ሰሚራ እንጀራውን ገፋችው። ነጭ ሩዝ ቀቅዬ አመጣሁላት፤ አንድ ጉርሻ ጎርሳ መዳፏ ላይ ተፋችው። "ወረቀት ወረቀት ይላል" አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መድኃኒቱ በብልቃጡ ክዳን ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል፤ ሆዷ ባዶ ነው፤ እኔ ደግሞ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ከክፍሉ ጀርባ አስታማሚዎች የሚያበስሉበት የቆርቆሮ ዳስ አለ። ሩዙን ባሞቀው ትበላ እንደሆነ ብዬ እሳት ልለምን ሄድኩ። አንዲት ሴት በብረት ምጣድ ሰሊጥ ትቆላለች። ሰሊጡ መፈናጠር ጀምሮ፣ ሊያር ትንሽ ሲቀረው የሚሸተው ሽታ አለ፤ እሱ መጣብኝ። ድስቴን ይዤ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ሐቦባ ሐዋ ከነማማሰያዋ ፊቴ የቆመች መሰለኝ።

* * *

ደርግ ወድቆ ክልል ሆንን የተባለበት ሰሞን ነው። እኔ ከሰሚራ ባንስ ነው እንጂ አልበልጥም። አባየና እማየ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ካሰፈሯቸው መንደር ወጥተው አሶሳ ዳር፣ በቀርከሃ የታጠረች ጎጆ ቀልሰው ነበር። አባየ ከመኪና ጭነት ያወርዳል። የሚያወርደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨው ነው። ማታ ሲገባ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ነጭ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ብቻውን የሚቆም ይመስላል። እኔ በጣቴ ነክቼ እልሰው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የአባየ እግር አበጠ። ከቁርጭምጭሚቱ ጀመረና ወደ ላይ ወጣ። ሆስፒታል ደርሶ ሲመለስ "ጨው ነው አሉኝ" አለ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ስንት ዘመን የተሸከመው ጨው በትከሻው ገብቶ፣ በጀርባው ወርዶ፣ እግሩ ውስጥ ተጠራቅሟል። ከረጢት ቢሆን ከታች ተቀዶ ይፈስ ነበር። ሲተኛ እግሩ ሥር ተቀምጬ የሚፈስበትን ቀዳዳ እፈልጋለሁ። በጣቴ ስጫን ጉድጓዱ ይቀራል፤ "ይኸው፣ ጨው ስለሆነ ነው የማይመለሰው" እላለሁ በልቤ።

አባየ ቀልደኛ ነው። "ጨው ስሸከም ኖሬ፣ አሁን ቅመሰኝ ሳይለኝ ከለከሉኝ" ይል ነበር። እማየ ግን አትስቅም። ጨው ከቤት አወጣች፣ ወጡን ያለ ጨው ሠራች፤ እብጠቱ ግን ባሰ እንጂ አልቀነሰም። አባየ ተጋድሞ መተኛት አቃተው፤ ትንፋሽ እያጠረው ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። ሆስፒታል ስንመለስ ሐኪሙ እማየን ተቆጣት። እማየ ማለች። "ወላሂ ጨው በእጄ አልነካሁም!"

ሐኪሙ አሰብ አደረገና "በርበሬሽን ስታስፈጪ ጨው ትጨምሪበታለሽ?" አላት።

እማየ አፏን ያዘች። በርበሬ ያለ ጨው የሚያስፈጭ ማን አለ? ሽሮውም ውስጥ አለ። ሚጥሚጣው ውስጥማ አይነገርም። እሷ ድስት ውስጥ አልጨመረችም እንጂ ጨው ከነቤተሰቡ እቤታችን ተቀምጧል። "ታዲያ ምን ልስጠው?" አለች።

"ለጊዜው ሩዝ ቀቅይለት። ጨው ሳይነካው።"

አባየ የሚያወርድለት ነጋዴ ይህን ሰምቶ ሩዝ ላከልን። እኛ ቤት ሩዝ ተበልቶ አያውቅም። እማየ እንደ ንፍሮ ቀቀለችው፤ ሙጫ ሆነ። አባየ ባለጌ እንዳይባል ዋጥ ዋጥ አደረገና ሰሃኑን ገፋው። በነጋታውም ገፋው። ጉንጩ ጎደጎደ፤ ከላይ እየከሳ ከታች ያብጣል። እማየ ደጅ ወጥታ የአጥሩን ቀርከሃ ይዛ ታለቅሳለች። "በሰው አገር ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ክልሉም የነሱ ሆኗል፣ ከነልጄ ማን ያስጠጋኛል?"

ከአጥሩ ማዶ ሐቦባ ሐዋ አለች። ሐቦባ ማለት አያት ማለት ነው፤ በርታዎቹ ጎረቤቶቻችን ልጅ አዋቂው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠሯት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንጯ ላይ የድሮ ጭረት ያላት፣ ቢጫ ቶብ ከራሷ እስከ እግሯ የምትጠቀለል ሴት ናት። ያን ቀን የእማየን ለቅሶ ሰማች መሰለኝ፣ በአጥሩ ክፍተት አንገቷን ብቅ አደረገች።

"ሰይድ በላ?" አለች፤ አባየን ማለቷ ነው።

"አልበላም፣ ሐቦባ።"

"ምን ሰጠኸው?"

ሐቦባ ሁሉንም ሰው አንተ ነበር የምትለው፤ እናቴንም፣ ዶሮዋንም፣ እኔንም። እኔ እሷ ቤት ስገባ ወንድ የምሆን እየመሰለኝ ደረቴን እነፋ ነበር። እማየ ሰሃኑን አሳየቻት። ሐቦባ ከሙጫው ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"ማሌሽ" አለች፤ አይዞህ እንደማለት ነው። "ይሄ ሩዝ ጥፋት የለውም። ብቻውን ሆኖ ነው። ሉባባን ስጠኝ፣ እቃ ይዞ ይምጣ።"

ሉባባ እኔ ነኝ፤ ሄድኩና አጥሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ክልል የሚሉት ነገር ያ አጥር ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ "ክልሉ የነሱ ነው" ሲባል እሰማለኋ። "ሐቦባ፣ ክልሉ ውስጥ ልግባ?" አልኳት።

"የምን ክልል? ዶሮ ሲገባ ጠይቆ ያውቃል? ና ግባ!"

* * *

የሐቦባን አሠራር እንዳየሁት እነግራችኋለሁ።

ሩዙን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አጥባ ወንፊት ላይ ታሰጣዋለች። ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ብዙ ነው፣ እኔ ለሰርግ ነው እንዴ እል ነበር። ሽንኩርቱን በሰሊጥ ዘይት፣ በቀስታ እሳት፣ ወርቅ እስኪመስል ታቁላላዋለች። እማየ እንደለመደችው ቶሎ ውሃ ጠብ ልታደርግበት ስትል እጇን ያዘቻት። "ተወው። ሽንኩርት ሲቸኩል ጨው ይጠራል። ሲቆይ ራሱ ይጣፍጣል።" ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያ ሩዙ ደርቆ ይገባና ከሽንኩርቱ ጋር እየታሸ ይቆላል። ኮረሪማ የፈላበት ትኩስ ውሃ ይፈስበታል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ክዳን ይከደንበታል። ከዚያ ወዲያ ማማሰያ አይነካውም። እኔ ከፍቼ ላይ ስል እጄን በማማሰያዋ ቸብ ታደርገኛለች። "ተኝቷል፤ አትቀስቅሰው።"

ሰሊጡ ለብቻው ይቆላል። እሷ ሲምሲም ነው የምትለው። ያንን ሙቀጫ ውስጥ ከትታ ስትወቅጠው ሽታው አጥሩን አልፎ እኛ ቤት ይገባል፣ አባየም ከመደቡ ላይ "ምንድን ነው እሱ?" ይላል። ሁመር የሚባለውን ኮምጣጣ ፍሬ ደግሞ በውሃ ዘፍዝፋ፣ በጣቷ አሽታ፣ ቡናማ ጭማቂውን ታጠልላለች።

መጨረሻ ላይ የምታደርገው ነገር ነው ከሁሉ የገረመኝ። ሰሃኑ ላይ ሩዙ ይወጣል፣ ሰሊጡ ይነሰነሳል፤ ኮምጣጣውን ግን ከጉርሻዎቹ ሁሉ በፊት፣ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ላይ ብቻዋን ጠብ ታደርግባታለች። "ምላስ ሌባ ነው፣ ሰይድ" አለችው አባየን። "በር ላይ ቆሞ ጨው ይጠብቃል። አንተ መጀመሪያ ኮምጣጣ ስጠው፤ ይደነግጣል፣ ጨውን ይረሳል። ከዚያ ቀስ ብለህ ግባ።"

አባየ ጎረሰ። ፊቱ ተኮማተረ፣ ከዚያ ተፈታ። እንደገና ጎረሰ። እማየ በሩ ላይ እንደቆመች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰች።

"አልሀምዱሊላህ" አለ አባየ ሰሃኑን ጠርጎ። "ሐቦባ፣ ጨው ጨምረሽ እንዳይሆን?"

"ጨው?" አለች ሐቦባ ሁለት እጇን ዘርግታ እያሳየች። "እኔ ሐኪም የከለከለውን? እሱ ተምሮ ነው የተናገረው።"

* * *

አባየ መብላት ከጀመረ በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። በእኛ ወግ በሽተኛ የሚጠየቀው ምግብ ተይዞ ነው። የወሎ ሴቶች ከየመንደሩ በድስት ወጥ፣ በሞሰብ ቂጣ ይዘው ይመጣሉ። አለመብላት መናቅ ነው። አባየ ሰው ማስቀየም አይችልም፣ ከያንዳንዱ ይቀምሳል። በማግስቱ እግሩ ይናገራል። እማየ እየተሳቀቀች "ጨው ተከልክሏል" ስትል ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። በእኛ ሴቶች ዘንድ ጨው የሌለው ምግብ የጂን ምግብ ነው። ጂን ጨው አይወድም፤ ስለዚህ ለሱ የሚሠራለት ድስት ጨው አይነካውም። አሁን ደግሞ ባዳ የሆነች ሴት፣ ቋንቋዋን የማንሰማው፣ በየቀኑ ጨው የሌለው ድስት ትጥዳለች፤ ሲሠራም የምታነበንበው ነገር አላት። ቁርአን እንደነበር እኔ አውቃለሁ። እትየ አስያ የምትባል የእማየ የአገር ልጅ፣ ድምጿ መንገድ የሚያሻግር፣ እማየን ጥግ ይዛ "አንቺየ፣ ሴትዮዋ ሰይድን አይደለም የምትቀልበው፤ በሰይድ በኩል የምትቀልበው አላት!" ስትላት ሰማሁ። እማየ "ተይ አስያ፣ አላህን ፍሪ" አለቻት፤ ድምጿ ውስጥ ግን ፍርሃት ነበር።

አንድ ቀን እኛ ደጅ፣ ከጎጆው ክፈፍ ሥር ሩዙ ተከድኖ ሳለ ዝናብ ድንገት ወረደ። ሐቦባና እማየ የተሰጣ ማሽላ ሊያነሱ ሮጡ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። እትየ አስያ ክዳኑን ከፍታ፣ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" እያለች እጇን ስታራግፍ አየሁ። ለአባየ ዱዓ እያደረገችለት መሰለኝና ደስ አለኝ። "ለካ ታዝንለታለች፣ ትወደዋለች" አልኩ።

ሐቦባ ተመለሰች። ሩዙን አወጣች። እንደ ልማዷ ለበሽተኛው ከመስጠቷ በፊት ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ቶሎ አልገለጠችውም። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ እኔን አየች፣ እማየን አየች፣ እትየ አስያን ግን አላየቻትም።

"ዛሬ ይሄ ሩዝ ለእንግዳ ነው" አለች። "ሉባባ፣ ሌላ ሽንኩርት አምጣ፣ ለሰይድ እንደገና እንሠራለን። አስያ፣ ና፣ አብረን እንብላ።"

አንድ ሰሃን መሃላቸው አስቀመጠች። ሐቦባ ትጎርሳለች፣ እትየ አስያም ትጎርሳለች። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ጉርሻ የእትየ አስያ እንባ ዱብ አለ።

"እኔ... ጂን እንዳይሰፍርበት ብዬ ነው፣ ሐቦባ። ጨው የሌለው ድስት እኛ አገር..."

እማየ ጮኸች። "ጨው ጨመርሽበት? አስያ! ልትገይልኝ ነው?"

ሐቦባ እጇን አነሳችና እማየን ዝም አሰኘቻት። አልሳቀችም፤ ይኼን ነው የማልረሳው። ሌላ ሴት ብትሆን ትስቅ ነበር፣ ወይ ትሳደብ ነበር፣ ወይ እቃዋን ሰብስባ ሁለተኛ አጥራችንን አትረግጥም ነበር።

"ጂን እኔም እፈራለሁ" አለች። "ጥሩ አስበሃል። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ድስቱ አጠገብ አንተ ቁጭ በል። ቁርአን ቅራ። ጂንም እንዳይመጣ፣ ጨውም እንዳይመጣ።"

* * *

እትየ አስያን ያላያት ሰው ይህን አያምንም። በነጋታው በጠዋት በርጩማዋን ይዛ መጣች። ድስቱ ጎን ተቀመጠች፣ እንደ ባንክ ዘበኛ። የምታውቃትን የቁርአን ምዕራፍ፣ ያሲንን፣ ስትጨርስ እንደገና ትጀምራለች። ጠያቂ ሴቶች ገና ከመንገድ ሲታዩ ትነሳና፣

"ድስትሽን እዚያው! ምን ይዘሽ ነው? ወጥ? ወጥሽን ለባልሽ መልሺ!" ትላለች።

"እንዴ አስያ፣ በሽተኛ በባዶ እጅ ይጠየቃል?"

"እጅሽንማ ይዘሽ መጥተሻል፤ ነይ ሰሊጥ ውቀጪ!"

ሐሳቡ የሐቦባ ነው፤ ድምጹ የእትየ አስያ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባየን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ምግብ አያመጣም፤ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና አንዱ ሰሊጥ ይወቅጣል፣ አንዱ ለውዝ ይፈለፍላል፣ አንዱ ሁመር ያሻል። የበርታ ሴቶች መጡ፣ የእኛ ሴቶች መጡ፣ የኦሮሞዋ የቅቤ ነጋዴ መጣች። አንድ ሙቀጫ ይዘው እየተቀባበሉ ሲወቅጡ፣ ቋንቋ የማይግባቡት በሙቀጫው ምት ይሳሳቃሉ። አባየ ሲበላ ሐቦባ ስም እየጠራች "ይሄ የእገሌ እጅ ነው፣ ይሄ የእገሌ" ትለዋለች። ማንም አልተናቀም። አባየም የሁሉንም ቀምሷል።

እኔ በበኩሌ ጨውን ስጠብቅ ነበር። አንድ ቀን አባየ ሌሊቱን ሁሉ ሽንቱን ሲሸና አደረ፤ ሐኪሙ የሰጠው መድኃኒት ነው። እኔ ግን ጨው ሟምቶ እየወጣ ነው ብዬ በጠዋት ሄጄ ደጅ ያለውን ሣር ልሼ አየሁ። እማየ አይታኝ ጆሮዬን ይዛ ጎተተችኝ። ሐቦባ ስትሰማ ግን እስክታነባ ሳቀች። የሐቦባ ሐዋን ጥርስ በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዝናቡ ሲያባራ የአባየ እግር እንደ ድሮው ጅማቱ ታየ። በአውራ ጣቴ ጫንኩት፤ ጉድጓዱ ወዲያው ሞላ። ጮኼ ሐቦባን ጠራኋት። በአጥሩ ክፍተት ገብታ መጣች፣ ራሷም ጫነችው፣ "ኸላስ" አለች። በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። አባየም እትየ አስያን ጠርቶ "አስያ፣ ያ ጂንሽ ሩዙን ወደደው ወይስ ተቀይሞ ሄደ?" አላት።

"ሄዷል! ያለ ጨው ማን ይቀመጣል!" አለች እትየ አስያ።

* * *

እዚያ የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ሴትዮዋን ሰሊጥ ለመንኳት። በነጠላዬ ጫፍ፣ ማለቴ በሻሼ፣ ነጠላዬማ ጠፍቷል፣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ወደ ሐኪሟ ሮጥኩና ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ሰሊጥ፣ ኮረሪማ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳት። "ይቻላል፤ ከገበያ የተፈጨ ቅመም ብቻ እንዳትገዢ፣ ጨው ይኖርበታል" አለችኝ። "አውቃለሁ፣ እሱንስ አውቃለሁ" አልኳት። ግር ብሏት አየችኝ።

የጎደለኝን ከሆስፒታሉ ደጅ ገዛሁ። ሽንኩርቱን አልተቸኮልኩበትም፤ ወርቅ እስኪመስል ጠበቅኩት። ሩዙን አስተኛሁት። ሰሃኑን ይዤ ስገባ ሰሚራ ፊቷ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤ አፍንጫዋ ግን ዞረ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

መጀመሪያ እኔ ቀመስኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ከዚያ አንድ ጉርሻ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጌ አጎረስኳት። ፊቷ ተኮማተረ፣ ከዚያ ተፈታ። አፏን እንደገና ከፈተች።

"ምን አድርገሽበት ነው?"

"ብዙ ሰው ነው የሠራው" አልኳት። በልታ ስትጨርስ መድኃኒቷን ዋጠች።

ልጄን ያዳናት መድኃኒቱ ነው፤ ሐኪሟን አላህ ይጠብቅልኝ። መድኃኒቱ ሆዷ ውስጥ እንዲቀመጥ ያደረገው ግን የሐቦባ ሩዝ ነው። ያንኑ እየበላች ሰነበተች። ፊቷ ጎደለ፣ ጫማዋ ገባላት፣ ሐኪሟም ሽንቷን ደጋግማ አይታ፣ መድኃኒቱን ቤት ሆና እንድትቀጥል፣ ለቁጥጥርም እንድንመለስ ነግራን አሰናበተችን።

ዛሬ ጠዋት ሰሚራ ደጃችን ላይ ተቀምጣ ሰሊጥ ትወቅጣለች፤ ግማሹን ትቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩ። ለቀቅኩት። ወዲያው ሞላ። እንደገና ጫንኩት፤ እንደገና ሞላ።

"እማዬ ተይ፣ ይኮረኩረኛል!"

ተውኩት። ቤታችን ገብተናል። ልጄ ተርፋለች። ኸላስ።